ተቀምጠው የጨረሱት ወንበር ሠሪ

ጋሽ ሙዘይን መሞታቸውን የሰማሁት ከዘመድ አይደለም። ካባረራቸው ድርጅት የፌስቡክ ገጽ ነው። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስከፍት ፎቷቸው ወጣ። ከሥሩ «የረጅም ጊዜ ባልደረባችንና የድርጅታችን ባለውለታ» ይላል። ከጽሑፉ አጠገብ የሚነድ ሻማ ለጥፈውበታል፤ ለሙስሊም ሰው ሻማ።

ፎቶው ላይ ከአንድ ነጭ አምቡላንስ ጎን ቆመዋል። ያን ቀን እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቆርጠው አውጥተውኛል፤ የቀረው የግራ ትከሻዬ ብቻ ነው። እሱ አላናደደኝም። ደሜን ያፈላው «ባለውለታ» የሚለው ቃል ነው። ወራጅ አለ ብዬ ከሰፈሬ ብዙ ቀደም ብዬ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ አልቻልኩም።

ይሄን የምጽፈው በንዴት ነው። ቀዝቀዝ ሲልልኝ እጽፋለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀዘቀዘም። እሳቸውም ቢሆኑ ሳይናደዱ የሠሩት ሥራ ትዝ አይለኝም።

ድርጅቱ አውቶብስና አምቡላንስ ይገጥማል። ባዶ መኪና ይመጣለታል፤ አካሉን፣ ወንበሩን፣ መብራቱን ሠርቶ ያስረክባል። ግቢው ከሰሚት አለፍ ብሎ ነው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ስገባ የሰጡኝ ሥራ ሽቦ መዘርጋት ነበር፤ የተመደብኩትም ወንበር ክፍል። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሙዘይን ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ በጥርሳቸው ሁልጊዜ ቆልማማ መርፌ የነከሱ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ለአክብሮት ብዬ ወንበር ስቤ፣ ጋሼ ይቀመጡ አልኳቸው።

«እኔ ተቀምጬ ጨርሻለሁ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ገባኝ። ምሳቸውን የሚበሉት ሌዘር የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ ሳህናቸውን አስቀምጠው፣ ቆመው ነው። ስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ሲሰግዱ ከሱጁድ የሚነሱት የጠረጴዛውን እግር ይዘው ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም ወደሳቸው ዞሮ እንዲያይ አይፈልጉም። የአገሩ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ሲሰፉ የሚውሉት እኚህ ሰው፣ እሳቸው ግን በአንዱም ላይ አይቀመጡም ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ገልባጭ መኪና ነድተዋል። ሰሚት ላይ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ ጠጠርና አሸዋ ካመላለሱት አንዱ ናቸው። የጋቢናቸው ወንበር ሞላው ተሰብሮ በእንጨት ተደግፎ ነበር። እንዲቀየርላቸው አሠሪያቸውን ሲጠይቁ፣ መኪናው የተገዛው ጠጠር ለመጫን ነው እንጂ አንተን ለመጫን አይደለም ተባሉ። አንድ ጠዋት ከጋቢናው መውረድ አቃታቸው። ሁለት ሰው ተሸክሞ አወረዳቸው። ሐኪም ቤት ዲስክ ተንሸራቷል፣ ነርቭ ተጭኗል አሏቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት መኪናው ሥራ ላይ ነበር።

ይሄን ሲያወሩ ስለራሳቸው ወገብ ብዙ አይሉም። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር ነበር። «እኔን ማባረራቸው ምንም አይደለም። ሌላውን ሾፌር እዛው ወንበር ላይ፣ እዛችው እንጨት ላይ አስቀመጡት እኮ» ይሉና መርፌውን ሌዘሩ ውስጥ እንደ ጦር ይሰኩታል።

ከዚያ በኋላ ነው ጉርድ ሾላ ወንድማቸው ሱቅ ገብተው የመኪና ወንበር መስፋት የተማሩት። ቆመው ተማሩ፣ ቆመው ሠሩ።

አንድ ጊዜ በከተማ አውቶብስ አብረን ስንሄድ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ፣ የደረሰች እርጉዝ ተቀምጣ አዩ። አውቶብሱ በጎረበጠ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች። መሃል ላይ ለተቀመጠ ወጣት ቦታ እንዲቀያየራት ነገሩት። ልጁ ጆሮው ላይ የሰካውን ነቅሎ፣ እሷ እኮ ተቀምጣለች፣ ወንበር ወንበር ነው አላቸው።

«ወንበር ሁሉ ወንበር ቢሆን ኖሮ እኔ ቆሜ አልሄድም ነበር» አሉት።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ግን ከልጁ ፊት አልሄዱም። ልጁ መስኮት መስኮቱን ለማየት ሞከረ፤ ከዚያ ተነሳ። ሴትየዋ መሃል ላይ ስትቀመጥ እንኳ ንዴታቸው አልበረደም፤ እስክንወርድ ድረስ ጎማ ላይ ወንበር የሚተክል ፋብሪካ ሁሉ እናቱን እዛ ላይ አስቀምጦ መንዳት አለበት እያሉ ሄዱ።

ስለ ንዝረት የማውቀውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መዳፋቸውን የመኪና ወለል ላይ ያሳርፉና ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ እንዳለ ያሳዩኛል። አንዱ ፈጣኑ ነው፤ እጅ ያደነዝዛል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ስፖንጅና ሞላ ግን ይችለዋል። ሌላው ዝግተኛው ነው፤ ጋቢናውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው። ወገብ የሚበላው ይሄኛው ነው። ሞላ ይሄን አያስቆመውም፤ እንዲያውም ያብሰዋል፤ ሾፌሩ ሞላው ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያሉት ሁሉ ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

ሞላ የሚሠራው ከተመታ በኋላ ነው፤ ምቱን ተቀብሎ የሚመልስለት ወንበር ለምን አይኖርም ብለው ጠየቁኝ። ውጭ አገር እንዳለ ነገርኳቸው። ወለሉ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ሴንሰር መንቀጥቀጡን ታነባለች፤ ቦርዱ ያሰላል፤ ወለሉ ወደ ላይ ሲመታ ከወንበሩ ሥር ያለው ሞተር ወንበሩን በዚያው ልክ ወደ ታች ይስበዋል፣ ወለሉ ሲወርድ ደግሞ ያነሳዋል። ወለሉ ይዘላል፣ ሰውየው ባለበት ይቆያል። አዳምጠው ሲጨርሱ ታዲያ ምን እንጠብቃለን አሉኝ።

በምሳ ሰዓትና ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ጀመርን። ሞተሩን ከአሮጌ ማሽን ፈታነው። ብረቱን እሳቸው በየዱ፣ ቦርዱን እኔ ሠራሁ። እሳቸው ስለማይቀመጡ ተቀምጬ የምፈትነው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ወንበሩ እንደ በቅሎ ወረወረኝ። ችግሩ ቦርዱ መዘግየቱ ነበር፤ ወለሉ ወደ ላይ መትቶ ሲያበቃ፣ ሊወርድ ሲል፣ ሞተሩ ያኔ ወደ ታች ይስባል። ከመርዳት ይልቅ ይጨምርበታል። ጋሽ ሙዘይን ይሄን ሲረዱ፣ «ዘግይቶ የመጣ ደጋፊ ገፊ ነው» አሉ፤ እሱን ወረቀት ላይ ጽፌ ከኮምፒውተሬ በላይ ለጠፍኩት።

ለሦስተኛ ሳምንት ሲያቅተኝ በእጄ የያዝኩትን ካቻቢቴ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ሄደው አነሱት፤ ጫፉን አዩ፤ መለሱልኝ። ከዚያ ስሜን ማን እንዳወጣልኝ ጠየቁኝ። አያቴ ናት አልኳቸው። «ሴትየዋ ምኞቷን ነው የነገረችሽ» አሉኝ። ስሜ ትዕግስት ነው።

ቦርዱን ምቱን ቶሎ እንዲያነብ አድርጌ እንደገና ሠራሁት፤ ተሳካ። ግቢው ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ላይ አንድ አሮጌ ገልባጭ ውስጥ ወንበሩን ገጥመን ሾፌሩ ከጎኔ እየነዳ ሄድን። ጋሽ ሙዘይን በሩን ይዘው መወጣጫው ላይ ቆመው ነበር። መርፌያቸውንና ክር ሰጡኝ። መኪናው እየተንገጫገጨ ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ አስገባሁ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ክሩን አውጪ፣ አስገቢ አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ እስክንመለስም አላዞሩትም።

ይሄኔ ነው ሥራ አስኪያጁ ነገሩን የሰማው። እኔ ይሄን ሰው አንቱ ማለት ትቻለሁ፤ እዚህም አልጀምርም። አንድ የረድኤት ድርጅት ለገጠር ጤና ጣቢያዎች አሥራ አራት አምቡላንስ ሊያሠራ ጨረታ አውጥቶ ነበር። የፈለገው አምቡላንስ ቃሬዛው እንዳይንገጫገጭ የሚያደርግ ነገር ያለው ነው። በጥርጊያ መንገድ ብዙ ሰዓት የሚጓዝ ታካሚ፣ አከርካሪው የተሰበረ፣ ምጥ ላይ ያለች፣ ደም የሚፈሳት፣ መንገዱ ራሱ እየገደላቸው ነው ብለው። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ክፍል መጥቶ የጋሽ ሙዘይንን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እኛም በሁለት ወር ውስጥ ሠራነው። ቃሬዛው የሚያርፍበት መድረክ በአራት ሞላ ይንጠለጠላል፤ በየማዕዘኑ አንድ ሞተር አለ፤ ቦርዱና ሴንሰሩ ከሥሩ ባለ ሳጥን ውስጥ።

ናሙናውን ለማየት ከረድኤት ድርጅቱ የመጣችው ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ነበረች። ነርሶች የሚለማመዱበትን የላስቲክ ክንድ ይዛ መጥታ ቃሬዛው ላይ አሰረችው። አምቡላንሱ ኮብልስቶኑ ላይ እየሄደ መርፌውን ደም ሥሩ ውስጥ አስገባች፤ አልሳተችም። ስትወርድ ጋሽ ሙዘይንን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ፌስቡክ ላይ ያወጡት ፎቶ ያኔ የተነሳ ነው። ውሉ ተፈረመ።

ከዚያ ከውጭ የታዘዘው ሞተርና የቦርዱ ዕቃ ሳይመጣ ቀረ። ሲጠየቅ ጉምሩክ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ሳምንትም ጉምሩክ ነው። አሥራ አራቱ አምቡላንሶች አንድ በአንድ አለቁ፤ መድረኩ ተገጠመ፣ ሳጥኑ ተገጠመ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ፣ ሞተሩ እስኪመጣ ለጊዜው ሳጥኖቹ ላይ አረንጓዴ መብራት እሰሪ፣ ቁልፍ ሲዞር ይብራ፣ ለመልክ ነው አለኝ። አሰርኩ። አሥራ አራት መብራት በእጄ አሰርኩ። ሳስር ምንም አልጠረጠርኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ርክክቡ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ጋሽ ሙዘይን ሞተሩ መጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው። ወደ አንዱ አምቡላንስ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። የሳጥኑን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው አነሱት። ውስጡ ባዶ ነው። ከመብራቱ የወረደች ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለውሽ?»

«ለጊዜው ነው ብለው።»

ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱት። «እዚህ ላይ ለምትተኛዋ ሴትዮ ለጊዜው የሚባል ነገር የለም» አሉኝና ወጡ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲሄዱ አየኋቸው። ሲመለሱ ምን እንዳላቸው አልነገሩኝም፤ በሩን ሲዘጉት ግን የቢሮው መስታወት ጮኸ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ የታሸገ ውሃ፣ ድምፅ ማጉያ። አምቡላንሶቹ ተደርድረው ቁልፋቸው ዞሮ አሥራ አራቱም አረንጓዴ ያበራሉ። ሥራ አስኪያጁ ስለ አገር በቀል ቴክኖሎጂ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ሲስተር አስቴር ለመፈረም ተነሳች። በዚህ ጊዜ ጋሽ ሙዘይን ከወንበር ክፍል ወጥተው ድንኳኑን አቋርጠው ሄዱ፤ ከፊት ወዳለው አምቡላንስ ገብተው ቃሬዛው ላይ ተኙ።

በዚያ ወገብ መተኛታቸውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

«ሲስተር፣ መርፌሽን ይዘሽ ነይ» አሉ ከውስጥ። «ዛሬ የላስቲክ ክንድ አይደለም። የኔን ውሰጂ።»

ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጥቶ፣ ከምሳ በኋላ ይደረጋል፣ ፕሮግራሙ ተጣቧል አለ። ሲስተር አስቴር ግን ገብታ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። መሪው ላይ ያለው ሾፌር እኔን አየኝ፤ እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ነዳው። ኮብልስቶኑ ላይ ስንወጣ ያ የተንጠለጠለ መድረክ፣ ሞተር የሌለው፣ በአራት ሞላ ብቻ የተያዘ፣ ሰውየውን እንደ ወንፊት እህል ማንገዋለል ጀመረ። ከተራ ቃሬዛ የባሰ ነበር። ሞተር ሊይዘው ታስቦ ነው ሞላው እንዲያ የለሰለሰው። ጋሽ ሙዘይን ፊታቸው አመድ መሰለ። የቃሬዛውን ጠርዝ የያዙት ጣቶቻቸው ነጡ። ሲስተር አስቴር መርፌውን አንዴ አስጠጋች፣ ሁለተኛ አስጠጋች፤ ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«አልችልም። አቁምልኝ» አለች ሾፌሩን።

ሾፌሩ ሲያቆም ጋሽ ሙዘይን ተኝተው እንዳሉ እጃቸውን ወደ ታች ሰደው የሳጥኑን ክዳን ነቀሉ። ብሎኑን ቀድመው አላልተውት ነበር። ክዳኑን ለእሷ ሰጧት። ውስጡን አየች፤ መብራቱን አየች። ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን አነሳችና ሳትፈርም ሄደች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት አለ። የተሠራው ቦርድ አስተማማኝ ባለመሆኑ ሞተሮቹ በወንበር ክፍል ኃላፊው በአቶ ሙዘይን ጥያቄ መሠረት እንዲቀሩ ተደርጓል ይላል። ከሥሩ ስሜ ከነማዕረጉ። አልጮኸብኝም። ገና ወጣት እንደሆንኩ፣ ጥሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደሚያስፈልገኝ፣ ጋሽ ሙዘይን ጡረታቸው የደረሰ ስለሆነ ምንም እንደማይጎዱ፣ ጉዳዩ ወረቀት ለማሟላት ያህል መሆኑን ነገረኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ፈርሜያለሁ።

ጋሽ ሙዘይን ለደንበኛ ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት ተብለው ተባረሩ። ሲስተር አስቴር ከተረካቢው ኮሚቴ ወጥታለች ተባለ፤ ሌላ ሰው መጥቶ ፈረመ። አሥራ አራቱ አምቡላንሶች አንድ ጠዋት በተርታ ከግቢው ወጡ፤ አረንጓዴ እያበሩ። እነማን ተኝተውባቸው እንደሄዱ፣ እነማን ሳይደርሱ እንደቀሩ አላውቅም። የሚያውቅም የለም፤ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ምክንያቱ በሽታው ነው ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። የመጀመሪያውን የሾፌር ወንበር፣ ድርጅቱ ቁርጥራጭ ብረት ነው ብሎ የተወውን፣ ጋሪ ላይ ጭነውታል። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ወረቀቱን አሳይተዋቸዋል።

«ስሜን አስተካክለው ጻፉት?» አሉኝ። «ብዙ ሰው ያበላሸዋል።»

አዎ ጋሼ፣ በትክክል ነው የተጻፈው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጋሪውን እየገፉ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ድረስ፣ ከሁሉም በላይ የምናደድባቸው በዚህ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ እኔም ለቀቅኩ፤ ያ ጥሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ተሰጠኝ። እሳቸው ገርጂ አንዲት በቆርቆሮ የታጠረች ቦታ ተከራይተው የታክሲና የባጃጅ ወንበር እየሰፉ ነበር። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዞሬ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ደወሉልኝ። ኢንጂነሯ ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ቦርዱ አንድ ነገር ሆኗል፣ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ ወይ አሉኝ። ሄድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። ያን ወንበር እንደገና ፈታትተን ሠራነው፤ በመጨረሻ ለአንድ ጠጠር የሚያመላልስ ሾፌር ገልባጩ ላይ ገጠሙለት። በየሳምንቱ እየመጣ ከጋቢናው ወርዶ ፊታቸው ይቆማል፤ እሳቸው ጎንበስ በል፣ ተነስ፣ ዙር እያሉ ወገቡን እንደ ሐኪም ያዩታል። እኔን ደግሞ ከቤታቸው የመጣ ምሳ ሳልበላ አይለቁኝም።

ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ቦርዱን እፈታለሁ፣ ቦርዱን አስራለሁ፣ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

የገደላቸው ኩላሊት ነው። ለወገባቸው ለዓመታት በየቀኑ የዋጡት ማስታገሻ ነው ኩላሊታቸውን የጨረሰው። ሐኪሙ ማስታገሻውን ይተውት ሲላቸው፣ እሱን ከተውኩ በምን እቆማለሁ ብለው መለሱለት። ስለዚህ እኔን ማን ገደላቸው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያ በእንጨት የተደገፈ ወንበር ነው እላለሁ፤ ለመግደል ብዙ ዓመት ፈጀበት እንጂ።

ፌስቡኩን ባየሁ ማግስት ለቅሶ ሄድኩ። ቤታቸው እዛው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ተቀምጧል። ባለቤታቸው መሃል ላይ ናቸው። ልጃቸው ሐናን፣ ባንክ ቤት የምትሠራው፣ ሰው ታስተናግዳለች። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ነፍስ ይማር ሊል ጀምሮ፣ ትዝ ሲለው አላህ ይዘንላቸው አለና ተቀመጠ። ከዚያ ጋሽ ሙዘይን ለድርጅቱ እንደ አባት እንደነበሩ መናገር ጀመረ።

ሐናን የያዘችውን ውሃ አስቀመጠች። ወደ ጓዳ ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ወጣች።

«አባት ከነበሩ ይሄ ምንድን ነው?» አለችው። ከስንብት ደብዳቤው ላይ ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት የሚለውን ለሰው ሁሉ አነበበችው።

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ የሐዘን ቀን መሆኑን፣ ጉዳዩ የቴክኒክ ውሳኔ እንደነበር፣ በባለሙያ የተፈረመ ማስረጃ እንዳለ ቀስ ብሎ አስረዳ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ደስ እንዳለው አየሁ፤ ምስክር አገኘ።

«ትዕግስትም እዚህ አለች» አለ። «እሷ ታውቃለች።»

ያ ሁሉ ሰው ወደኔ ዞረ።

«አውቃለሁ» አልኩ። «ወረቀቱ ውሸት ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ሳጥኑ ባዶ እንደነበረ፣ መብራቱን ማን እንዳሳሰረኝ፣ በዚያ ቃሬዛ ላይ ጋሽ ሙዘይን በዚያ ወገባቸው ለምን እንደተኙ። ሥራ አስኪያጁ በመሃል ተነስቶ ለቅሶ ቤት እንዲህ አይወራም አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙኒራ ግን ቀና አሉ። «ይወራ» አሉ። «የባሌ ቤት ነው።» ሥራ አስኪያጁ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው ደረጃውን የወረደው።

ሐናን አጠገቤ መጥታ ቆመች። ያቀፈችኝ፣ ይቅር ያለችኝ እንዳይመስላችሁ።

«አባዬ የፈረምሽው አንቺ መሆንሽን ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«እያወቀ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ የሚያበላሽ?»

«አዎ።»

ከዚያ ሄዳ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች፤ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ባዶ አደረገችልኝ። አሁን የተናገርሽውን ጻፊው፣ ያቺን ነርስ ፈልጌ አገኛታለሁ፣ አምቡላንሶቹም ዛሬ ድረስ ሰው እየጫኑ ነው አለችኝ። ጻፍኩ። ለቀስተኛው ይገባል ይወጣል፤ እኔ እዛው ጎንበስ ብዬ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ስሜን፣ ስልኬን ጽፌ ፈረምኩና ሰጠኋት። ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ገልብጣ ጀርባውንም አነበበች።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አለች።

ወረቀቱን ተቀብዬ ቀኑን ጻፍኩበት።